ለደብሩ ሞንታርቦ አትላኩ

ከኮሎምበስ መሀል ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ በቤክስሊና በዋይትሆል መካከል ኢስትሙር የሚባል ሰፈር አለ። የጡብ ቤቶች፣ ፊት ለፊታቸው የታጨደ ሣር፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ዕድሜ የጠገቡ ዛፎች ያሉበት ሰፈር ነው። በዚያና በዙሪያው የሚኖረው አበሻ ብዙው በፈረቃ ሠራተኛ ነው። የሌሊቱ ፈረቃ የደረሰው ሰው ጧት ቤቱ ገብቶ መጋረጃውን ይደፍናል፤ ስልኩን ድምፅ አልባ ያደርጋል፤ ጆሮው ውስጥ ስፖንጅ ይወትፋል፤ ጎረቤቱ የቅጠል መንፊያ ማሽኑን ሲያስነሳ እየተራገመ ይገላበጣል። ሲነቃ ስልኩን ይከፍታል። የትውልድ ደብሩ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ መልእክት ይጠብቀዋል፦ ለደብራችን የድምፅ መሣሪያ መግዣ የጀመርነው መዋጮ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ በረከቱ እንዳያመልጣችሁ። ሰውየው ዐይኑን እያሻሸ ሃምሳ ዶላር ይልካል።

ጠቡ ከዚህ ሃምሳ ዶላር ጋር ነው።

ሃምሳ ዶላሩ ከክፋት አልመጣም። ጥምቀትን ባህር ማዶ የሚያከብር ሰው፣ እናቱ የምትሳለምበት ደጅ ላይ እጁ እንዲኖር መፈለጉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው በኦሃዮ እንቅልፉን በስፖንጅ የሚጠብቅ ሰው ነው። ጎረቤቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራት ስፒከር ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ወደ መኝታ ቤቱ ቢያዞርበት ፖሊስ ይጠራል፤ ፖሊስ ባይመጣ ሰፈር ይቀይራል። ይህንኑ ነገር ግን በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ ስሙን በለጋሾች ዝርዝር አስጽፎ፣ ሰባ ዓመት የሞላት እናቱ መኝታ ላይ ያዞራል። እናት ደግሞ ስልክ ሲደወልላት «እንቅልፍ ነሳኝ» አትልም። በቤተ ክርስቲያን ላይ ቅሬታ ማሰማት ኃጢአት ይመስላታልና። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰፈሩ በየጓዳው የሚያወራውን የመጨረሻው ሰሚ ደብሩ ራሱ ነው።

ጉዳዩ የእንቅልፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን በአንድ የቤተሰብ ስልክ ያልቅ ነበር። የከፋው ሌላ ነው። ሞንታርቦው የሚያፈርሰው በብዙ መቶ ዓመታት የተሠራ አንድ የጥበብ ሥራ ነው፤ ለጋሾቹም ኮሚቴውም የጥበብ ሥራ መሆኑን አያውቁም። ያ ሥራ የቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ነው።

ዐጸድ የሚለውን ቃል ዛሬ «ግቢ» በሚለው ተክተነዋል። ግቢ ግን አጥር ያለው ባዶ መሬትም ሊሆን ይችላል፤ መኪና ማቆሚያም ግቢ አለው። ዐጸድ ዛፍ ያለበት፣ የተከለለ፣ ሰው ገብቶ ጠባዩ የሚለወጥበት ስፍራ ነው። ዛፍ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ራቁቱን እንደቆመ ሰው ነው የሚሉ አባቶች ዛሬም አሉ። ይህን የአትክልት ጥበብ ከዓለም ታላላቅ የአትክልት ጥበቦች ጎን አስቀምጦ ማየት ያልተለመደው፣ ሁሌም በዐይን ስለሚመዘን ነው። በዐይን ሲመዘን የቬርሳይ ዓይነት የአበባ ሥርዓት የለውም። መለኪያው ጆሮ ሲሆን ግን ሚዛኑ ይለወጣል።

የአትክልትን ስፍራ ለጆሮ ብሎ መሥራት በዓለም ላይ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ረገድ ቻይናዎችን የሚያህል የለም። በሱዡ ከተማ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከሹመቱ የተገለለ አንድ ባለሥልጣን ያሠራው፣ «የትሑቱ ሹም» የሚባል ታዋቂ የአትክልት ስፍራ አለ። ውስጡ ካሉት ቤቶች አንዱ ስሙ «ዝናብ ማድመጫ» ነው። በአጠገቡ ሙዝ፣ ቀርከሃና የውሃ አበባ ተተክሏል። ሙዙ የተተከለው ለፍሬው አይደለም፤ ሰፊው ቅጠል ጠብታ ሲያርፍበት ለሚሰጠው ድምፅ ነው። በዚያው ስፍራ ሌላ ቤት አለ፤ እሱ ደግሞ የሚታወቀው በጠወለገ ቅጠል ነው። በመከር ወራት የውሃ አበባው ቅጠል ሲደርቅ የማይነቀለው፣ ዝናብ በደረቁ ቅጠል ላይ ሲያንኳኳ እንዲሰማ ነው። የሲዳማ ወይም የጉራጌ ሰው ይህን ለመረዳት ሱዡ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጓሮው እንሰት አለ፤ የክረምት ሌሊት በእንሰት ቅጠል ላይ ምን እንደሚል ያውቀዋል። ልዩነቱ፣ እነሱ ለዚያ ድምፅ ቤት ሠርተው ስም አወጡለት።

በዉሺ ከተማ ባለው የጂቻንግ የአትክልት ስፍራ ደግሞ ከተራራው የሚወርድ ምንጭ በድንጋይ ሰርጥ ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጓል። ሰርጡ አንዴ ይጠባል፣ አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ውሃውን ወደ ታች ይጥለዋል፤ በየደረጃው ውሃው የተለየ ድምፅ ያወጣል። ስሙ «የስምንቱ ድምፆች ሰርጥ» ነው፤ ቻይናዎች የዜማ መሣሪያን በስምንት ወገን ይከፍሉ ነበርና። ጂ ቼንግ የተባለ የአትክልት አናጺ በ1631 (እ.ኤ.አ.) ጨርሶ በጻፈው የሙያ መጽሐፉ አንድ ትልቅ ምክር ይሰጣል፦ ከአጥርህ ውጭ ያለውንም ተዋሰው ይላል። የሩቁን ተራራ ለዐይንህ፣ የጎረቤት ገዳሙን ዜማ ለጆሮህ። ይህ «መዋስ» የሚለው ሐሳብ ይያዝልን፤ ሞንታርቦው ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

በነገራችን ላይ፣ ቻይና ለአዲስ አበባ የአትክልት ስፍራ ሰጥታለች። በ2013 አዲስ ዓመት ዋዜማ የተመረቀው የወዳጅነት አደባባይ በቻይና ድጋፍ የተሠራ ነው። ሣሩ አምሮበታል፤ ለመቀመጫ ቦታ በምትሞት ከተማ ውስጥ ሰው የሚንሸራሸርበት ስፍራ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ከዝናብ ማድመጫው አገር የመጣው ስጦታ ግን ከሙዚቃ ጋር የሚደንስ ፏፏቴ ይዞ መጣ። ውሃ የራሱ ድምፅ እንዳለው ከማንም በፊት የተረዳ ሕዝብ ውሃን በስፒከር አጅቦ ሰጠን፤ እኛም አጨበጨብን። የዝናብ ማድመጫ ቤት ስጡን ያለ ስለሌለ፣ ጥፋቱ የሰጪው ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ደብሩ። የደቡብ ጎንደርን መሬት ከላይ የሚያይ ሰው፣ ታርሶ በተራቆተ ሜዳ መሀል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣቦችን ያያል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ደብር ነው። ብዙ አንባቢ በ«እመጓ» ደራሲነታቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንዱ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ያቀረቡት በእነዚሁ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በዚያ ዞን በ28 አብያተ ክርስቲያናት ባካሄዱት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። የአገሩ ጥንታዊ ደን የት ሄደ ለሚል ሰው መልሱ ያ ነው፤ ታቦቱ አጠገብ ተሸሽጓል።

የዛፉ ቆጠራ ይህን ያህል ሄዷል። ድምፁን ግን መዋጮ ሰብሳቢ ኮሚቴ በንብረት መዝገቡ ላይ አያሰፍረውም። ቢያሰፍረው ምን ይጽፍ ነበር?

አንድ ሰው ከታረሰው ሜዳ ተነሥቶ ወደ ደብሩ ሲሄድ፣ ነፋሱ ጆሮው ላይ ያፏጫል፤ በሬ የሚነዳ ገበሬ፣ የሚጮኽ ውሻ፣ የወፍጮ ቤት ሞተር ይሰማዋል። ደጀ ሰላሙን አልፎ ዛፉ ውስጥ ሲገባ ይህ ሁሉ ወደ ኋላ ይቀራል። ሠላሳ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥቅጥቅ ያለ ደን ከውጭ የሚመጣን ድምፅ ከ5 እስከ 8 ዴሲቤል ሊቀንስ ይችላል፤ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ ጆሮ ልዩነቱን በእርግጥ ያውቀዋል። ከዚያ የራሱን እግር መስማት ይጀምራል። ደረቅ የጽድና የወይራ ቅጠል ከእግሩ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከላይ ርግብና ዋኖስ ያጉረመርማሉ፤ ዕድል ከቀናው ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ይሰማዋል። ከጎጆዎቹ በኩል የቆሎ ተማሪው የሚቀጽለው ትምህርት እንደ ንብ ይመጣል። በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ጣሪያ ላይ የተንጠለጠሉ ትናንሽ የብረት ቅጠሎች ነፋስ ሲነካቸው ያቃጭላሉ፤ ቻይናዎችም በፓጎዳቸው ጠርዝ ላይ ተመሳሳዩን ያደርጋሉ፤ አንዱ ከሌላው ሳይማር። ሰውየው በሩ ዘንድ ደርሶ ጫማውን ሲያወልቅ የእግሩ ድምፅም ይጠፋል። ከዚህ በኋላ ያለው፣ ከቅኔ ማኅሌቱ የሚወጣው ዜማ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የተገጣጠመ ነው የሚል ካለ፣ ቅዱስ ያሬድን ያስብ። በትውፊቱ መሠረት የቤተ ክርስቲያን ዜማ አባት በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን የተማረው ከሦስት ወፎች ነው። ትምህርት አልገባ ብሎት ተስፋ ቆርጦ በተሰደደ ጊዜም ያጽናናችው፣ ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ የወደቀች ትል ነች፤ ትሏን ያየው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው። ወፍና ዛፍ የሌሉበት የያሬድ ታሪክ የለም። ዐጸዱ ያ ታሪክ በየደብሩ የሚኖርበት ቦታ ነው። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባ ያሉት ከላይ በተጠቀሱት ደኖች አገር፣ በዚያው በደቡብ ጎንደር ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ሲያደራጁት እንኳ ትምህርቱ ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ መሄዱን አልተወም። ተማሪው ከመምህሩ ጉሮሮ ጥቂቷን መስገር ካልሰማ ምልክቱ ብቻውን አያዘምረውም። እንዲህ ያለ ትምህርት የሚሰጥበት ቦታ ጸጥታው የትምህርት መሣሪያው ነው፤ ጥቁር ሰሌዳው ነው ቢባል ይቀላል።

ደወሉም የዚህ ሥራ አካል ነው። በጣና ገዳማት ዛሬም ከእንጨት ላይ በጠፍር የተንጠለጠሉ የድንጋይ ደወሎች አሉ። ረዘም ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በሌላ ትንሽ ድንጋይ ይመታል። ድምፁ የጠራ ነው፤ ሐይቁን ይሻገራል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመታ በኋላ ግን ዝም ይላል። የደወል ጥበቡ ዝም ማለቱ ላይ ነው። ሰዓቱን ይናገርና ቦታውን ለወፉ፣ ለነፋሱና ለሰሚው ይመልሳል። አማርኛ ራሱ ይህን ያውቃል፤ ሰውን «መረዋ ድምፅ አለው» ስንል የምናመሰግነው በደወል ስም ነው። «ሞንታርቦ ድምፅ አለው» ብሎ ያመሰገነ ሰው እስከ ዛሬ አልተሰማም።

በቅዳሴ ጊዜ ደግሞ ቃጭል አለ። ይህን ለሁሉ የሚታወቅ ነገር መተረክ ያሰለቻል፤ አንድ ነጥብ ግን ሳይነሣ አይታለፍም። ወደ ውስጥ ያልገባ ሰው፣ ያልጾመም ይሁን ንጽሕናው ያልፈቀደለት፣ በዐጸዱ ውስጥ ዛፍ ተደግፎ ይቆማል። በመጋረጃው ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ የሚነግረው ያቺ ትንሽ ቃጭል ነች። ስትሰማ ይሰግዳል፤ ይነሣል። ማለትም በደጅ ላለው ሰው አባቶች አስቀድመው አስበውለታል። በትንሽ ድምፅና በብዙ ጸጥታ ሁለቱንም ወገን በአንድ ሥርዓት ውስጥ አቆሙት።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ከኢስትሙር የተላከው ገንዘብ የሚደርሰው። ደብሩ አራት ጡሩምባ መሳይ ስፒከሮች ይገዛል፤ ረጅም ምሰሶ ይተከላል፤ ምሰሶ ከጠፋ ጽዱ ላይ ይቸነከራል። አንድ ሰው ቀርቦ ስፒከሮቹ ወዴት እንደዞሩ ይይ። ወደ ምእመኑ አልዞሩም። ጀርባቸውን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥተው ወደ ሰሜን፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ዞረዋል። አቅመ ደካሞችና ሕሙማን እንዲሰሙ ነው የሚለው መከራከሪያ የሚወድቀው በዚህ አቅጣጫ ነው። ለሕሙማን የታሰበ ድምፅ ማጉያ ትንሽ ይሆናል፤ ዝቅ ብሎ በዐጸዱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፊቱ ሰው ወዳለበት ይሆናል። ያን ለመሰለ መሣሪያ ገንዘብ የሚልክ ሰው አይወቀስም። ምሰሶ ላይ ያለው ግን ለሰፈሩ የተሰጠ ማስታወቂያ ነው፤ አለን፣ ብዙ ነን፣ ከእናንተ እንበልጣለን የሚል።

ሞንታርቦው ማኅሌቱን ያጎላል የሚለውም ስሕተት ነው። ይህ ዓይነቱ ጡሩምባ ስፒከር የተሠራው ለጣቢያና ለገበያ ማስታወቂያ ነው። ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ አያወጣም ማለት ይቻላል፤ ከላይም ቢሆን ቀጭኑን ድምፅ ይቆርጠዋል። ከበሮው በትልቁ አፉ ሲመታ ደረት የሚነካው ድምፅ ያለው ከዚያ በታች ነው፤ የጸናጽሉ ብልጭታ ደግሞ ከላይ ነው። ስለዚህ ከበሮው ካርቶን ይሆናል፤ ጸናጽሉ ፉጨት ይሆናል፤ በመካከል የሚቀረው የአንድ ሰው ጉሮሮ ነው። የአንድ ሰው የሚሆነውም በምክንያት ነው። ማኅሌት ሁለት ወገን ነው፤ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ አሉ፤ ሊቃውንቱ ፊት ለፊት ተሰልፈው ይቀባበላሉ፤ ዜማው ከዚህኛው ወገን ተነሥቶ ወደዚያኛው ሲሻገር መሀል የቆመ ሰው መሻገሩን ይሰማል። ማይኩ ግን አንድ ነው፤ የተያዘውም በአንድ ሰው እጅ ነው። ወደ ሰፈሩ የሚወጣው ማይኩን የያዘው ሰው ሳል ጭምር ነው። አራራይ፣ ያ ለስላሳ የኀዘንና የርኅራኄ ዜማ፣ በዚህ መሣሪያ ሲያልፍ የጠብ ድምፅ ይሆናል። የያሬድን ዜማ የሚወድ ሰው ከማንም በፊት መቆጣት ያለበት እዚህ ላይ ነበር።

ሁለተኛው መከራከሪያ በግልጽ ባይጻፍም በቴሌግራሙ ውስጥ ይንሸራሸራል፦ እነሱም ያጮኻሉ። «እነሱ» እንደ ሰፈሩ ይለያያል። አንዳንዱ ጋ መስጊዱ ነው፣ አንዳንዱ ጋ የጸሎት አዳራሹ። ስለ መስጊዱ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። በእስልምና ታሪክ የመጀመሪያው አዛን አድራጊ ቢላል ነው፤ የዘር ሐረጉ ከሐበሻ የሆነ ሰው። የተመረጠው ለድምፁ ነው፤ ድምፁም የጉሮሮ ነበር። የሐረር ጀጎል በትንሽ ቦታ ላይ 82 መስጊዶች እንዳሉት በዩኔስኮ መዝገብ ተጽፏል። ያን ያህል መስጊድ ተጠጋግቶ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በሰው ጉሮሮ ሲጣራ ነው፤ ጉሮሮ ደግሞ ጎረቤቱን አያደነቁርም። ያ ሁሉ ጥሪ በኤሌክትሪክ ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ማንም መገመት ይችላል። ስለዚህ የሐረሩ ሼኽና የጎንደሩ መሪጌታ ያጡት ነገር አንድ ነው፤ ሁለቱም ለሰው ድምፅ የተለካ ቅርስ ነበራቸው። አንዱ ሌላውን ምክንያት አድርጎ ሲጨምር ሌላውም ይጨምራል፤ በዚህ እሽቅድምድም ያሸነፈው እስካሁን መሣሪያ ሻጩ ብቻ ነው።

ጂ ቼንግ የጎረቤትህን ዜማ ተዋሰው ያለውም እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። መዋስ የሚቻለው ሰጪው በልኩ ሲሰጥ ነው። በጥንቱ መንደር ሙስሊሙ ገበሬ በደብሩ ደወል ሰዓቱን ያውቅ ነበር፤ ክርስቲያኑም በአዛኑ መንጋቱን ይረዳ ነበር። ያ የጉርብትና ውሰት ነበር። ሞንታርቦ አያውስም፤ አጥር ዘሎ ይገባል።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። አርባ አምስት ዴሲቤል ማለት በዝቅታ የሚደረግ የሁለት ሰዎች ወግ እንኳ ሊያልፈው የሚችል ልክ ነው። ለዚህ ሕግ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል፤ መሸታ ቤቱም፣ የቅናሽ ልብስ ሻጩም፣ ቤተ እምነቱም። ሕግ አስከባሪው ወደ ደብር ገብቶ ምሰሶ እንዲያወርድ መጠበቅ ግን ከንቱ ነው፤ ቢያደርገውም ጠብ ይሆናል። ይህ ከውስጥ የሚወርድ ምሰሶ ነው። ከውስጥ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው ገንዘብ የሚልከው ሰው ነው። ዲያስፖራው በአገር ቤት ጉዳይ ላይ የሌለውን ሥልጣን ሲጠይቅ በሚኖርባት በዚህች ዘመን፣ በእጁ ያለችውን አንዲት ሥልጣን አልተጠቀመባትም።

ሦስተኛም መልስ አለ፤ ከአገር ቤት የሚመጣ ነው። የአሜሪካ ኑሮ ያለሰለሳችሁ ሰዎች ጸጥታ አማራችሁ ይላል። መጀመሪያ ነገር ኢስትሙር ጸጥ ያለ ገዳም አይደለም፤ በኢስት ብሮድ ጎዳና መኪና አይቋረጥም፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ሩቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጽሞናና አርምሞ የሚባሉትን ቃላት ፈረንጅ አላመጣቸውም። ግዕዝ ናቸው። ለዝምታ ሁለት ክቡር ቃላት ያለው፣ በዝምታ ብቻ የሚጋደሉ መነኮሳት የነበሩት ቤት፣ ዝምታን ከባዕድ የመጣ ቅንጦት ሲያደርገው ከማየት የበለጠ የሚያሳዝን ነገር የለም።

እንዲያውም ባህር ማዶ ያለው ልጅ የባሰ ነገር ደርሶበታል። በኮሎምበስ ተወልዶ ያደገ ልጅ ማኅሌትን የሚያውቀው ምንጣፍ በለበሰ፣ ጣሪያው ዝቅ ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ ከግድግዳ ስፒከር ነው። ከበሮ ያለ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚሰማ አያውቅም። አንድ ክረምት አገር ቤት ቢወሰድ፣ ወላጆቹ በእንባ የሚተርኩለትን ዐጸድ ሊያይ ቢገባ፣ የሚጠብቀው ያው የአዳራሹ ድምፅ ነው፤ ይበልጥ የጮኸ ብቻ። ወላጆቹ ሲናፍቁ የሚዘረዝሩት ነገር ይጠየቅ፦ የዶሮ ጩኸት፣ የሌሊት ደወል፣ በባሕር ዛፍ ውስጥ የሚያልፍ ነፋስ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ሁሉም ድምፅ ነው። ሁሉም ደግሞ የሚሰማው ሌላው ዝም ሲል ነው። ናፍቆታቸውን ራሳቸው በየወሩ በሃምሳ ዶላር ያስደበድባሉ።

ገንዘቡ ይላክ፤ ደብሩ ችግረኛ ነው። ግን ለምን? ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማን በደቡብ ጎንደር ከካህናቱ ጋር የሠሩት አንድ ቀላል ነገር አለ፤ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የሚለቀም ነው፤ ማሳው ይጸዳል፤ ከብት ችግኝ አይረግጥም፤ ደኑ ወደ ካቡ ድረስ ይሰፋል። ካብ ድምፅም ይከልላል። ለአራት ስፒከርና ለጄኔሬተር የሚወጣው ገንዘብ ስንት ክንድ ካብ እንደሚያስክብ ኮሚቴው ያስላ። የዜማ መምህሩ ደመወዝ አለ፤ የቆሎ ተማሪው ጎጆ የሚያፈሰው ጣሪያ አለ፤ ወይራና ጽድ ለማፍላት የችግኝ ጣቢያ አለ። ይህ ሁሉ ለበረከት አይበቃም የሚል ካህን ካለ በቡድኑ ውስጥ ወጥቶ ይናገር።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ለኮሚቴው። በዐጸዱ ጫፍ፣ ከወይራው አጠገብ፣ የድንጋይ ደወሉ ጠፍር ተበጥሶ ድንጋዩ መሬት ላይ ተጋድሞ እንደሆነ፣ ልጆችም እየተቀመጡበት እንደሆነ፣ የሚቀጥለው መልእክት ላይ ይጻፍልን። የጠፍሩ ዋጋ ስንት ነው?